ድምፁ ከሶፍትዌሩ በላይ ነው፦ ለቤት ኮምፒዩተር የባለብዙ ትራክ መቅረጫ ስለመምረጥ



የዛሬው ርእሴ ጠባብ ይመስላል፤ ሙዚቃ ወይም ቃለ ምልልስ የምንቀዳበትን ባለብዙ ትራክ ሶፍትዌር ለቤት ኮምፒዩተራችን እንዴት እንምረጥ የሚል ነው። ተማሪዎች ዘወትር «የትኛው ይሻላል?» ብለው ይጠይቁኛል። ከዚያ በፊት ሊነሣ የሚገባው ጥያቄ ግን «ነገ ሶፍትዌሩ ባይኖር የቀዳሁት ድምፅ ምን ይሆናል?» የሚለው ነው።

ስለ ነገሩ ምንነት ጥቂት ልበል። ድምፃዊውን፣ ክራሩን፣ ማሲንቆውንና ከበሮውን በአንድ ትራክ ላይ ደርበን ከቀዳን፣ ከበሮው ገንኖ ድምፃዊውን ቢሸፍነው በኋላ ለመለየት እንቸገራለን። እያንዳንዱ በየራሱ ትራክ ከተቀዳ ግን አንዱን ሳንነካ ሌላውን ማረም እንችላለን። እ.ኤ.አ. በ1957 አምፔክስ የተባለው ኩባንያ ለጊታር ተጫዋቹ ለስ ፖል ስምንት ትራክ ያለው የቴፕ መቅረጫ ሠርቶ አስረክቦት ነበር። ያኔ ግዙፍ ማሽንና ብዙ ገንዘብ የጠየቀውን ሥራ ዛሬ አንድ ላፕቶፕ ይወጣዋል።

ስለዚህ የትራክ ብዛት ዋና መለኪያ መሆኑ ቀርቷል። በተግባር ወሰን የሚያበጁልን የማይክሮፎን መግቢያዎቻችን ቁጥርና የዲስካችን ስፋት ናቸው። በ48 ኪሎኸርዝና በ24 ቢት የሚቀዳ አንድ ሞኖ ትራክ በደቂቃ 8.64 ሜጋባይት ይወስዳል። ስምንት ትራክ ለአንድ ሰዓት ብንቀዳ ከ4 ጊጋባይት በላይ ይሆናል።

ሌላው ጉዳይ መዘግየት ነው። ቀድሞ የተቀዳውን ክራር በጆሮ ማዳመጫ እየሰማ የሚዘፍን ሰው የራሱ ድምፅ ዘግይቶ ከተመለሰለት ምቱን ይስታል። ባፈር የሚባለው ማቆያ በ48 ኪሎኸርዝ 256 ናሙና ሲሆን የሚያስከትለው መዘግየት 5.3 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው፤ 1024 ሲሆን ወደ 21 ይደርሳል። ባፈሩን እጅግ ብናሳንሰው ደግሞ አቅሙ ደካማ የሆነ ኮምፒዩተር ድምፁን ይቆራርጠዋል። ሚዛኑ ከማሽን ማሽን ስለሚለያይ፣ የሌላ ሰው ምስክርነት የራስን ሙከራ አይተካም።

አሁን ወደ ሶፍትዌሮቹ እንምጣ። ኦዳሲቲ ነፃና ምንጩ ክፍት ነው፤ ለቃለ ምልልስና ለቀላል ቀረጻ ይበቃል። አርዶር ምንጩ ክፍት ሆኖ ለሰፊ የስቱዲዮ ሥራ የታሰበ ነው። ሪፐር የሚሸጥ ቢሆንም የ60 ቀን የሙከራ ጊዜ ይሰጣል። ጋራዥባንድ ለጀማሪ እጅግ የተመቸ ቢሆንም ከአፕል መሣሪያዎች ውጭ አይሠራም። ሁሉም ደኅና ናቸው፤ ልዩነታቸው የሚጎላው ከእኛ ሥራ ጋር ስናስተያያቸው ነው።

ለምሳሌ ብዙዎቹ መቅረጫዎች ሲከፈቱ በደቂቃ 120 ምትና አራት አራተኛ ልክ አስቀምጠው ይጠብቁናል። ያለ ቋሚ ምት የሚንቆረቆር የማሲንቆ መግቢያ ግን በዚህ ፍርግርግ ውስጥ አይገባም። የድምፅ ማረሚያ መሣሪያዎችም አብዛኛውን ጊዜ የሚነሡት በእኩል ከተከፈሉት 12 የምዕራባውያን ድምፆች ነው፤ በማሲንቆ ክር ላይ የሚንሸራተተውን ጣት እንደ ስሕተት ቆጥረው «ሊያቃኑት» ይችላሉ። ፍርግርጉንና ማረሚያውን በቀላሉ ማጥፋት የሚያስችል ሶፍትዌር ለአንቺሆዬ ተጫዋች ከመቶ ማሳመሪያ ይልቅ ይጠቅመዋል።

ወደ መነሻ ጥያቄዬ ልመለስ። እ.ኤ.አ. በ2017 ጊብሰን የኬክዎክን ሶፍትዌሮች ማልማት እንደሚያቆም አስታወቀ። በቀጣዩ ዓመት ባንድላብ ንብረቱን ገዝቶ ሥራውን ቢያስቀጥልም፣ ክስተቱ አንድ ነገር አስተምሮናል፤ ለዓመታት የተለመደ ፕሮግራም በአንድ ማስታወቂያ ሊቆም ይችላል። የፕሮጀክት ፋይል ደግሞ ባብዛኛው የሚከፈተው በተሠራበት ፕሮግራም ብቻ ነው። በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣው ዋቭ የተባለው የድምፅ ፋይል ዛሬም በዋና ዋናዎቹ መቅረጫዎች ሁሉ ይነበባል።

በዚህ አዳራሽ ካላችሁት ውስጥ አንዳንዶቻችሁ ነገ የአንድ አዛውንት አዝማሪን ድምፅ ትቀዱ ይሆናል። አዛውንቱ ካለፉ በኋላ ያን ቀረጻ ዳግመኛ መቅዳት አይቻልም። ስለዚህ ከመምረጣችሁ በፊት ሦስት ሙከራ አድርጉ እላለሁ። አንደኛ፣ በራሳችሁ ማሽን ላይ በምትቀዱት ትራክ ልክ ለአንድ ሰዓት ቅዱበት፤ ድምፁ መቆራረጡን አዳምጡ። ሁለተኛ፣ መብራት እንደጠፋ አስመስላችሁ በሙከራ ቀረጻ መካከል ፕሮግራሙን በግድ ዝጉት፤ ስትከፍቱት ምን ያህሉ እንደተረፈ እዩ። ሦስተኛ፣ እያንዳንዱን ትራክ ከአንድ መነሻ ጀምሮ በዋቭ አውጡና በሌላ ሶፍትዌር ክፈቱት፤ ሳይዛነፍ ከገጠመ መውጫ በር አለው ማለት ነው።

እነዚህን ሦስቱን ያለፈ ሶፍትዌር፣ ርካሽም ይሁን ውድ፣ ለእናንተ ተገቢው ነው።