ስም ከመቃብር በላይ
የበረኛው የአርተር ዋርተን ታሪክ
(በሬዲዮ የተነገረ)

«ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» የሚለውን የአባቶቻችንን ቃል ሁላችንም ስንሰማው ያደግን ነው። ነገር ግን መቃብሩ ራሱ ስም ያልተጻፈበት ሲሆን፣ የሰውየው ስም ወዴት ይውላል? ዛሬ የማወጋችሁ፣ በዘመኑ በእንግሊዝ አገር እጅግ ተጨብጭቦለት በኋላ ስም በሌለው መቃብር ስለ ተቀበረ አንድ አፍሪካዊ የእግር ኳስ በረኛ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

አርተር ዋርተን በ1865 ዓ.ም. ዛሬ ጋና በምትባለው በጎልድ ኮስት፣ በአክራ ከተማ ተወለደ። አባቱ ቄስ ሄንሪ ዋርተን ከካሪቢያን ደሴት ከግሬናዳ የመጡ የሜቶዲስት ሚሲዮናዊ ነበሩ፤ እናቱም ከፋንቲ ነገሥታት ዘር የሚወለዱ ነበሩ። ልጁም የአባቱን ፈለግ ተከትሎ ለስብከትና ለማስተማር ሥራ እንዲዘጋጅ በ1882 ወደ እንግሊዝ አገር ሄዶ በዳርሊንግተን ከተማ ኮሌጅ ገባ። ዳሩ ግን ልቡ ከመጽሐፉ ይልቅ ወደ ሜዳው አዘነበለ።

በመጀመሪያ የታወቀው በሩጫ ነው። በ1886 ለንደን ውስጥ በስታምፎርድ ብሪጅ በተደረገው የአማተር አትሌቶች ሻምፒዮና 100 ያርድ፣ ማለት 91 ሜትር ያህል፣ በ10 ሴኮንድ ሮጦ አሸነፈ። ሰዓት ያዦቹም ይህን በመዝገባቸው ጻፉት። እባካችሁ ይህችን የመዝገብ ነገር አትርሷት፤ ወደ ኋላ እንመለስባታለን።

በዚሁ ዘመን ዋርተን ለዳርሊንግተን ቡድን በረኛ ሆኖ ይጫወት ነበርና ዝናው ተሰምቶ፣ በጊዜው ኃይለኛ የነበረው የፕሬስተን ኖርዝ ኤንድ ቡድን ወሰደው። በ1887 ቡድኑ በእንግሊዝ ዋንጫ እስከ ግማሽ ፍጻሜ ደርሶ በዌስት ብሮምዊች አልቢዮን 3 ለ 1 ሲሸነፍ በረኛው ዋርተን ነበር።

የዚያን ዘመን በረኛ ሥራ ከዛሬው የከበደ እንደ ነበር ልብ በሉ። አጥቂዎች በትከሻቸው ገፍተው በረኛውን ከነኳሱ ጐል ውስጥ ቢያስገቡት ጐሉ ይቆጠር ነበር። ስለዚህ በረኛ ጡንቻም ብልሃትም ያስፈልገው ነበር። ዋርተን አንድ ጊዜ ዘሎ የጐሉን አግዳሚ እንጨት በእጁ ይዞ ተንጠልጥሎ፣ ኳሱን በሁለት እግሮቹ መካከል ቢይዘው፣ ሊገፉት የመጡት ሦስት አጥቂዎች ባዶ አየር ገፍተው መረቡ ውስጥ መውደቃቸውን አንድ የዓይን ምስክር ከብዙ ዓመት በኋላ ለጋዜጣ ጽፏል።

ሕዝቡ በዚህ ሲስቅና ሲያጨበጭብ፣ ያልተደሰቱም ነበሩ። አንድ የጋዜጣ ጸሐፊ የቆዳውን ቀለም በሚያዋርድ ቃል እየጠራ፣ ጐል የቀልድ ስፍራ አለመሆኑ አይገባውም ሲል ተሳልቆበታል። ሌሎች የመንፈስ እርጋታ ያሉትን እሱ ቂልነት አደረገው። ያው አንድ ሥራ ነው፤ የሚመዝነው ዓይን ግን ልዩ ልዩ ሆነ።

ዋርተን በ1888 ለሩጫ ሲል ከፕሬስተን ተለየ። ፕሬስተንም በሚቀጥለው የውድድር ዘመን አንድም የሊግ ጨዋታ ሳይሸነፍ ሊጉንና ዋንጫውን ጠቅልሎ ወሰደ፤ ዋርተን ግን ከድሉ አልተካፈለም። ለተጫዋች ደመወዝ መክፈል በእንግሊዝ ከ1885 ጀምሮ ተፈቅዶ ነበርና፣ በ1889 ለሮዘራም ታውን በደመወዝ ለመጫወት ተዋዋለ። በዓለም ላይ በእግር ኳስ እንጀራቸውን ካበሰሉት ጥቁር ሰዎች ከመጀመሪያዎቹ አንዱ በመሆን ስሙ የሚጠራው ስለዚህ ነው። በ1894 ወደ ሼፊልድ ዩናይትድ ተዛወረ፤ ነገር ግን በግዙፍነቱ የታወቀው ዊልያም ፎልክ በረኛነቱን ስለ ያዘ ጥቂት ጊዜ ብቻ ተሰለፈ። ከዚያም በሌሎች ቡድኖች ተጫውቶ በ1902 በስቶክፖርት ካውንቲ ሥራውን ፈጸመ።

ክቡራን አድማጮች፤ እናንተ በመንግሥት ሥራ ያላችሁ ሰዎች ጡረታ ማለት ምን እንደ ሆነ ታውቃላችሁ። ለዋርተን ግን የተቀመጠለት ጡረታ አልነበረም። ሜዳውን ከተወ በኋላ በዶንካስተር አጠገብ በኤድሊንግተን የድንጋይ ከሰል ጉድጓድ ውስጥ የቀን ሠራተኛ ሆነ። በ1930 በ65 ዓመቱ ድኻ ሆኖ ሞተ፤ በመቃብሩም ላይ ድንጋይ አልቆመለትም።

እንዲህ ሆኖ 66 ዓመት ያህል አለፈ። በኋላ ግን ታሪኩን የሚመረምሩ ሰዎች ተነሥተው በአሮጌ ጋዜጦችና በቆዩ መዛግብት ስሙን አገኙት። በሼፊልድ በእግር ኳስ ውስጥ የዘር ጥላቻን የሚቃወሙ ሰዎች ተባብረው በ1997 የመቃብር ድንጋይ አቆሙለት። በ2003 በእንግሊዝ እግር ኳስ የክብር መዝገብ ተጻፈ፤ በ2014ም የብሔራዊው ቡድን መለማመጃ በሆነው በሴንት ጆርጅስ ፓርክ ሐውልቱ ተተከለ።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛው፣ የጭብጨባው ድምፅ ከሜዳው ሳይወጣ ጠፍቶ ሳለ፣ ስሙ የተጠበቀው ስማቸውን እንኳ በማናውቃቸው ጸሐፊዎችና መዝገብ ያዦች እጅ መሆኑ ነው። በየቢሮአችሁ የሰው ስም በመዝገብ ስትጽፉ፣ የምትጽፉት ምናልባት የዚያን ሰው ብቸኛ ምስክር ሊሆን ይችላልና አጥርታችሁ ጻፉ። ሁለተኛው፣ ዋርተን ድንጋዩንም ሐውልቱንም አላየም። በልጅነታችሁ እሑድ ከሰዓት በኋላ ያስደሰታችሁ በረኛ ዛሬ በሕይወት ካለ፣ ቤቱን ፈልጋችሁ «እንዴት ዋልክ» በሉት።