ቁልፉ በማን እጅ ነው?

ፕሮግራምን ከሩቅ በስክሪፕት ስለ መትከልና ስለ ምሥጢር አጠባበቅ፣ በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር




የመረጥሁት ርእስ ለብዙዎቻችን የዘወትር ሥራ ሆኖ ሳለ በጉባኤ ላይ እምብዛም የማይነሣ ነው። ይኸውም ፕሮግራምን ሩቅ በሚገኝ ሰርቨር ላይ በስክሪፕት አማካይነት የመትከል፣ ለዚሁም ሥራ ለስክሪፕቱ የሚሰጠውን ቁልፍ የመጠበቅ ጉዳይ ነው።

ስለ ስክሪፕት ጥቅም ብዙ ተብሏል። ድካምን ይቀንሳል፤ ጊዜን ይቆጥባል፤ ሰው የሚረሳውን አይረሳም። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ይሁን እንጂ የእጃችንን ሥራ ለስክሪፕት ስናስረክብ ሥልጣናችንንም አብረን እናስረክባለን። ሰርቨሩን የመክፈት፣ ያለውን የማንሣትና አዲስ የመተካት ሥልጣን፣ ማሰብና መጠራጠር ለማይችል አንድ ፋይል ይሰጣል። ስለዚህ ትእዛዞቹን በትክክል ከመጻፍ ባልተናነሰ ሁኔታ፣ ቁልፉን ለማን፣ ለምን ያህል ጊዜና ለየትኛው በር እንደ ሰጠን ማወቅ ይገባናል። የዛሬው ንግግሬ ፍሬ ነገርም ይህ ነው።

በመጀመሪያ ሥራው በእጅ ሲሠራ ምን ሊደርስ እንደሚችል እንመልከት። ጎልቶ የሚጠቀሰው ምሳሌ እ.ኤ.አ. ኦገስት 1 ቀን 2012 ናይት ካፒታል በተባለው የአሜሪካ የአክሲዮን አገበያይ ኩባንያ ላይ የደረሰው ነው። ኩባንያው አዲስ ኮድ በስምንት ሰርቨሮች ላይ መትከል ነበረበት። ሥራውን በእጁ ያከናወነው ቴክኒሻን በሰባቱ ላይ ተክሎ ስምንተኛውን ዘለለው። የተሠራውን የሚያይ ሁለተኛ ሰው አልነበረም፤ እንዲኖር የሚያዝ የጽሑፍ መመሪያም አልወጣም ነበር። በስምንተኛው ሰርቨር ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ሥራ የፈታ አሮጌ ኮድ ተቀምጦ ነበርና፣ ገበያው ሲከፈት ለአዲሱ ኮድ የታሰበው ምልክት ያንን አሮጌ ኮድ ቀሰቀሰው። በ45 ደቂቃ ውስጥ በ154 አክሲዮኖች ላይ ከ4 ሚሊዮን በላይ ግብይት ተፈጸመ፤ ኩባንያውም ከ460 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከሰረ። ይባስ ብሎ ሠራተኞቹ ችግሩን ለማቆም ሲጣደፉ አዲሱን ኮድ በትክክል ከተተከለባቸው ከሰባቱ ሰርቨሮች ላይ አነሡት፤ በዚህም ጊዜ በአንዱ ላይ የነበረው ጥፋት ወደ ስምንቱም ተዛመተ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንዲሉ።

በጥንቃቄ የተጻፈ ስክሪፕት ስምንተኛውን ሰርቨር አይዘልም። የሰርቨሮቹን ዝርዝር ይዞ በእያንዳንዱ ላይ ይተክላል፤ ተክሎም ሲያበቃ በሁሉም ላይ ያለው እትም አንድ መሆኑን ያነጻጽራል፤ አንዱ ከተለየ ሥራውን አቁሞ ያስታውቃል። በአገራችን ደግሞ ይህን የሚያስፈልግ የሚያደርግ ሌላ ምክንያት አለ። አዲስ አበባ ተቀምጦ በጅማ፣ በደሴና በድሬዳዋ ቅርንጫፎች ያሉትን ሰርቨሮች የሚያስተዳድር መሐንዲስ፣ ሥራው ከመካከል ሲደርስ መስመር ሊቋረጥበት ወይም መብራት ሊጠፋበት እንደሚችል አስቀድሞ ማሰብ አለበት። እንግዲህ ስክሪፕቱ ተቋርጦ እንደገና ቢጀመር፣ ሁለት ጊዜም ሆነ አምስት ጊዜ ቢደገም፣ የመጨረሻው ውጤት አንድ መሆን ይኖርበታል።

ይህም የሚገኘው አዲሱን እትም በአሮጌው ላይ ባለመጻፍ ነው። አዲሱ ለብቻው በተለየ ፎልደር ይቀመጣል። ፋይሉ ሳይጎድልና ሳይለወጥ መድረሱ በቼክሰም ከተረጋገጠ በኋላ፣ የሚሠራው የትኛው እንደ ሆነ የሚያመለክተው ጠቋሚ ብቻ ከአሮጌው ወደ አዲሱ ይዛወራል። ጠቋሚው ወይ ተዛውሯል ወይ አልተዛወረም፤ በመካከል ተንጠልጥሎ የሚቀር ነገር የለም። አዲሱ አልሠራ ቢል ጠቋሚውን ወደ ቦታው መመለስ የአፍታ ሥራ ነው። የዳታቤዙ አቀማመጥ አብሮ የተለወጠ እንደ ሆነ ግን ይህ ብቻ አይበቃምና፣ አሮጌውም አዲሱም እትም ሊሠሩበት የሚችሉበት ለውጥ አስቀድሞ መታሰብ አለበት። እንዲሁም አዲሱ በአንድ ሰርቨር ላይ ተሞክሮ ደኅንነቱ ሳይታይ ወደ ቀሩት መሄድ አይገባም። መልካም ስክሪፕት መልካሙን ሥራ በስምንቱም ላይ እንደሚያዳርስ ሁሉ፣ ስሕተትንም በዚያው ፍጥነት ያዳርሳልና።

ዋናው ጥያቄ የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። ስክሪፕቱ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ሥራውን ሲጀምር የይለፍ ቃል የሚጽፍለት ሰው የለም። ታዲያ በምን ይገባል? ቀላሉ መንገድ የይለፍ ቃሉን በስክሪፕቱ ውስጥ መጻፍ ነው፤ በብዙ ቦታም የሚደረገው ይኸው ነው። ስክሪፕቱ ግን በአንድ ቦታ አይቀመጥም። በኮድ ማከማቻ ውስጥ ይገባል፤ በየሠራተኛው ላፕቶፕ ይገለበጣል፤ በመጠባበቂያ ቅጂ ውስጥ ይቀመጣል። ጊት የተባለው የኮድ መዝገብ የተጻፈበትን ታሪክ ሁሉ የሚጠብቅ ስለ ሆነ፣ የይለፍ ቃሉን ዛሬ ከፋይሉ ብንሰርዘው እንኳ የትናንቱ ገጽ በታሪኩ ውስጥ ይነበባል። ስለዚህ አንድ ጊዜ በዚያ የተጻፈ ምሥጢር እንደ ወጣ መቁጠርና መለወጥ እንጂ መሰረዝ መፍትሔ አይሆንም።

ይህ ስጋት ከንቱ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 ሰርጎ ገቦች የኡበር መሐንዲሶች ይጠቀሙበት ወደ ነበረው የግል የጊት ሃብ ማከማቻ ገቡ። በዚያም የኩባንያው መረጃ የሚጠበቅበትን የደመና አገልግሎት የሚከፍት ቁልፍ በኮዱ ውስጥ ተጽፎ አገኙ። በዚያ ቁልፍ የ57 ሚሊዮን ተሳፋሪዎችና አሽከርካሪዎች መረጃ ተወሰደ። ማከማቻው ለሕዝብ ክፍት አልነበረም፤ የግል ነው ተብሎ መታመኑ ግን አልጠቀመም።

አንዳንዶቻችን ከዚህ በመማር የይለፍ ቃሉን ከስክሪፕቱ አውጥተን ስክሪፕቱ በሚሠራበት ጊዜ ብቻ እንዲያገኘው እናደርጋለን። ይህ እርምጃ መልካም ነው፤ ሆኖም ፍጹም አይደለም። በትእዛዙ መሥመር ላይ የተሰጠ ምሥጢር በዚያው ኮምፒዩተር ላይ ላሉ ሌሎች ተጠቃሚዎች ሊታይ ይችላል። በኢንቫይሮንመንት ቫሪያብል የተቀመጠውም ስክሪፕቱ ለሚጠራቸው ፕሮግራሞች ሁሉ ይወረሳል። ኮድኮቭ የተባለው ኩባንያ ደንበኞቹ በየሥራቸው የሚጠሩት አንድ ስክሪፕት ነበረው። እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 31 ቀን 2021 ጀምሮ ሰርጎ ገቦች በዚያ ስክሪፕት ላይ ለውጥ እያደረጉ፣ በየደንበኛው ኮምፒዩተር ላይ ያሉትን ቫሪያብሎች ወደ ራሳቸው እንዲልክ አደረጉ። ነገሩ የተደረሰበት በኤፕሪል 1 ቀን ሲሆን፣ ያጋለጠውም አንድ ደንበኛ የስክሪፕቱን ቼክሰም ከታወጀው ጋር አነጻጽሮ አንድ አለመሆናቸውን በማየቱ ነው። ሁለት ወር ሙሉ የተሰወረውን ነገር ጥቂት ሴኮንድ የሚፈጅ ማነጻጸር ገለጠው።

እንግዲህ የተሻለው መንገድ ምንድን ነው? እ.ኤ.አ. በ1995 በሄልሲንኪ የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ፣ በኔትዎርኩ ላይ የሚያልፉ የይለፍ ቃሎች በመጠለፋቸው ምክንያት፣ ታቱ ዩሎነን ኤስ ኤስ ኤች የተባለውን ዘዴ ሠራ። በዚህ ዘዴ የይለፍ ቃል በመስመር ላይ መላክ ሳያስፈልግ በሁለት ቁልፎች መሥራት ይቻላል። ይፋው ቁልፍ በሰርቨሩ ላይ ይቀመጣል፤ ምሥጢሩ ቁልፍ ግን ከባለቤቱ ኮምፒዩተር አይወጣም። ብዙዎቻችን ይህን እንጠቀማለን። ነገር ግን ለስክሪፕቱ የምንሰጠው ቁልፍ ብዙውን ጊዜ የራሳችን ቁልፍ ነው፤ የሚያስገባውም ሩት በሚባለው ባለ ሙሉ ሥልጣን አካውንት ነው። ይህ የመጋዘኑን፣ የካዝናውንና የሥራ አስኪያጁን ቢሮ ቁልፎች በአንድ ቀለበት አስሮ ለተላላኪ እንደ መስጠት ይቆጠራል።

ኤስ ኤስ ኤች ራሱ ይህን የሚያርም መንገድ አለው። ይፋው ቁልፍ በሰርቨሩ ላይ በሚመዘገብበት መሥመር፣ ይህ ቁልፍ ከዚህ አድራሻ ብቻ ይግባ፣ ይህንን አንድ ትእዛዝ ብቻ ይፈጽም፣ ሌላ መንገድ አይክፈት ብሎ መወሰን ይቻላል። እንዲህ ያለው ቁልፍ ቢሰረቅ እንኳ ሌባው ሊያደርግ የሚችለው ያንኑ የተወሰነ ሥራ ነው። የስክሪፕቱ ቁልፍ ያለ ሰው የሚሠራ በመሆኑ ብዙውን ጊዜ መክፈቻ ሐረግ አይኖረውም፤ ስለዚህም ጥበቃው የሚገኘው ከጠባብነቱ ነው።

የዚህ ተቃራኒ ወገንም አለ። ሰርቨሩ እኛን እንደሚያውቅ ሁሉ እኛም ሰርቨሩን ማወቅ አለብን። ስክሪፕት ስንጽፍ የሰርቨሩ ማንነት ተለውጧል የሚለው ማስጠንቀቂያ ሥራችንን እንዳያቆመው ማጣራቱን ጨርሶ የመዝጋት ልማድ ተስፋፍቷል። እ.ኤ.አ. በማርች 2023 ጊት ሃብ ራሱ የሰርቨሮቹ መለያ የሆነው የአር ኤስ ኤ ምሥጢር ቁልፍ ለአጭር ጊዜ በአደባባይ ስለ ታየ፣ በማርች 24 ቀን ቁልፉን ለወጠ። ማጣሪያቸው በሥራ ላይ የነበረና አሮጌውን ቁልፍ የመዘገቡ ስክሪፕቶች ቆሙ፤ ባለቤቶቻቸውም ምክንያቱን አጣርተው አዲሱን መዘገቡ። ማጣራቱን የዘጉት ግን ሳይቆሙ ቀጠሉ። ሳይቆም የቀጠለው የተሻለ ይመስላል፤ ነገር ግን በአሮጌው ቁልፍ የሚጠቀም አስመሳይ ሰርቨር ቢመጣበት ኖሮ ለእርሱም በሩን ይከፍትለት ነበር።

ሦስተኛው ነገር የጊዜ ወሰን ነው። እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ኦፕን ኤስ ኤስ ኤች የሚያበቃበት ሰዓት የተጻፈበት ሰርቲፊኬት ይቀበላል። ለአንድ ተከላ ሥራ የአንድ ሰዓት ፈቃድ ተሰጥቶ፣ ሰዓቱ ሲያልፍ በራሱ ከንቱ ይሆናል። ምሥጢሮችን በአንድ ማዕከል ጠብቀው፣ ለጠየቀው ስክሪፕት ለአጭር ጊዜ ሰጥተው፣ ማን መቼ እንደ ወሰደ የሚመዘግቡ ፕሮግራሞችም አሉ።

ይህ ሁሉ ለትልልቅ ድርጅቶች እንጂ ለእኛ አይሆንም የሚል አሳብ ሲሰነዘር እሰማለሁ። በእኔ አመለካከት አሳቡን ለእኛ የሚያስተምረን ሌላ አገር አያስፈልግም። በመሥሪያ ቤቶቻችን አንድ ወንበር እንኳ ያለ ሞዴል 22 ከመጋዘን አይወጣም። የባንክ ካዝና በአንድ ሰው ቁልፍ ብቻ አይከፈትም። ሥራ የሚለቅ ሠራተኛ ክሊራንሱን ይዞ ከክፍል ወደ ክፍል እየዞረ መጽሐፍ፣ ላፕቶፕና መታወቂያ ያስረክባል። በዚያ ወረቀት ላይ ግን በስንት ሰርቨሮች ላይ ይፋ ቁልፉ ተመዝግቦ እንደ ቀረ የሚጠይቅ መሥመር አይገኝም። ወንበሩን በፊርማ እየተረከብን፣ የሕዝብ መረጃ ያለበትን ሰርቨር የሚከፍተውን ቁልፍ ያለ ርክክብ እንተወዋለን። የግል መረጃን ስለ መጠበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መረጃ የያዘ ድርጅት መረጃውን የመጠበቅ ግዴታ እንዳለበት ከደነገገ ወዲህ፣ ይህ የሥነ ሥርዓት ጉድለት ብቻ ተብሎ ሊታለፍ አይችልም።

ስለዚህ ለእያንዳንዳችን የሚከተለውን አሳብ አቀርባለሁ። 1ኛ፤ እያንዳንዱ ስክሪፕት የራሱ የሆነ፣ ለአንድ ሥራ ብቻ የሚያገለግል ቁልፍ ይኑረው፤ የሰው ቁልፍ ለስክሪፕት አይሰጥ። 2ኛ፤ ቁልፎች ሁሉ ይመዘገቡ፤ የትኛው ምን እንደሚከፍት፣ የት እንደሚገኝና ኃላፊው ማን እንደ ሆነ ይጻፍ። ለዚህ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም፤ በጥንቃቄ የሚጠበቅ አንድ መዝገብ ይበቃል። 3ኛ፤ በክሊራንስ ወረቀት ላይ የቁልፍ ርክክብ ይጨመር። 4ኛ፤ ቁልፎችን የመለወጥ ልምምድ ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ይደረግ።

የመጨረሻውን ያለ ምክንያት አልጨመርሁትም። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 4 ቀን 2023 ሰርክል ሲ አይ የተባለው ኩባንያ፣ የፕሮግራም ግንባታና ተከላ በራሱ እንዲካሄድ አገልግሎት የሚሰጥ ነውና፣ ለደንበኞቹ ሁሉ በእርሱ ዘንድ ያስቀመጡትን ምሥጢር በሙሉ ባስቸኳይ እንዲለውጡ አስታወቀ። የአንድ ሠራተኛው ላፕቶፕ በተንኮለኛ ፕሮግራም ተይዞ ነበር። በዚያ ቀን መዝገብ የነበራቸው ዝርዝሩን አውጥተው ሥራቸውን ጀመሩ፤ መዝገብ ያልነበራቸው ግን ምን እንዳላቸው ከመፈለግ መጀመር ነበረባቸው። እንዲህ ያለ ማስታወቂያ ነገ ጠዋት ቢደርሰን፣ የመሥሪያ ቤታችንን ቁልፎች ሁሉ ቆጥረን እስከ ማታ ለመለወጥ እንችላለን? አንችልም የምንል ከሆነ፣ ቁልፎቹ በእጃችን ናቸው ለማለት አንደፍርም።

የተከበራችሁ ባልደረቦቼ፤ ስክሪፕት ታማኝ አገልጋይ ነው፤ የታዘዘውን ሁሉ ያደርጋል። የሚያሳስበውም ማን እንዳዘዘው የማይጠይቅ መሆኑ ነው። ያንን መጠየቅ የእኛ ፈንታ ነው። ሳይደርቅ በርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ እንደሚባለው፣ ሰርቨሮቻችን ገና በቁጥር የሚያዙ ሳሉ ሥርዓቱን ብናበጅ፣ ከእኛ በኋላ ሥራውን የሚረከቡት መሐንዲሶች የማን እንደ ሆኑ የማይታወቁ ቁልፎችን አይወርሱም።