የሪሞት ኮንትሮል ብርሃን ለምን ግማሹን ጊዜ አይበራም?



የቴሌቪዥን ሪሞት ኮንትሮል በማይክሮኮንትሮለር ለመሥራት የሚነሣ ተማሪ ሁሉ አንድ ጥያቄ ይገጥመዋል። ይኸውም የኢንፍራሬዱ ኤል ኢ ዲ በእያንዳንዱ ዑደት ውስጥ ምን ያህሉን ጊዜ ይብራ የሚለው ነው። ብዙ ጊዜ ግማሹ ይሰጠዋል፤ ፕሮግራሙን ለመጻፍ ይቀላልና። እኛ ዛሬ ልናስረዳ የተነሣነው ይህ ምርጫ ባትሪ የሚበላ፣ ጥቅሙ ግን አነስተኛ መሆኑን ነው።

አስቀድመን ሁለት ነገሮች እንዳይደባለቁ እንለያቸው። ፀሐይም ሆነች አምፖል ኢንፍራሬድ ይረጫሉ። ስለዚህ ተቀባዩ የሪሞቱን ብርሃን ከእነዚህ እንዲለይ ብርሃኑ በሴኮንድ 38,000 ጊዜ ያህል ብልጭ ድርግም ይላል። (በፊሊፕስ አርሲ-5 ሥርዓት 36,000 ነው።) ይህ ተሸካሚው ሞገድ ነው። መልእክቱ የሚታወቀው ግን ብልጭታው ምን ያህል ቆይቶ፣ ምን ያህል ጊዜ ዝም እንዳለ ነው። ለምሳሌ በኤን ኢ ሲ ሥርዓት ብልጭታው 560 ማይክሮሴኮንድ ይቆያል፤ በዚህ ውስጥ 21 ያህል ዑደቶች ይገባሉ። ቀጥሎ ያለው ዝምታ አጭር ሲሆን 0፣ ረዥም ሲሆን 1 ይባላል። የመብራት ድርሻ፣ ማለትም ዲዩቲ ሳይክል፣ የአንዱ ዑደት ጉዳይ ነው። አንዱ ዑደት 26.3 ማይክሮሴኮንድ ስለሚፈጅ፣ ሲሶው 8.8 ይሆናል። ድርሻው ቢለወጥ የመልእክቱ ቃል አይለወጥም፤ የሚለወጠው የሚደርስበት ርቀትና የሚበላው ኤሌክትሪክ ነው።

በተቀባዩ ውስጥ ያለው ማጣሪያ ለአንድ ፍጥነት የተቃኘ ነው። የሚሰማውም ብርሃኑን በጠቅላላው ሳይሆን በዚያ ፍጥነት የሚወዛወዘውን ክፍል ብቻ ነው። ሕፃን በዥዋዥዌ የሚገፋ ሰው ይህን ያውቃል። ዥዋዥዌው መካከሉን በፍጥነት ሲያልፍ መግፋት ጉልበት ይጨምርለታል፤ ጫፍ ደርሶ ሊቆም ሲል መግፋት ግን ክንድን ማድከም ነው። የብርሃኑም ምት እንዲሁ ነው፤ ግማሽ ዑደት ሙሉ ሲበራ፣ መጀመሪያውና መጨረሻው ለማጣሪያው የሚሰጡት እጅግ ጥቂት ነው።

በሒሳብ ስንገልጸው፣ ድርሻውን «ድ» ብንለው፣ የሚጠቅመው ክፍል ከሳይን (ፓይ × ድ) ጋር ይመጣጠናል። ይህ ቁጥር ግማሽ ላይ 1፣ ሲሶ ላይ 0.87፣ ሩብ ላይ 0.71 ነው። እንግዲህ ከግማሽ ወደ ሲሶ ስንወርድ ከኤሌክትሪኩ 33 በመቶ እናተርፋለን፤ ከምልክቱ የምናጣው 13 በመቶ ብቻ ነው።

«ግማሹ ከሁሉ ይበረታል» የሚሉ አሉ። የኤል ኢ ዲው ከፍተኛ ከረንት ከነበረበት እንዳያልፍ ከተወሰነ እውነታቸውን ነው። ዳሩ ግን ኤል ኢ ዲ በአጭር ምት ጊዜ ከዘወትሩ የበለጠ ከረንት ይችላል፤ ልኩ በአምራቹ ሰንጠረዥ ይገኛል። ግማሽ ላይ 100 ሚሊአምፔር የሚሰጥ ሰው፣ አማካይ ወጪውን ሳይጨምር ሩብ ላይ 200 ሊሰጥ ይችላል፤ ጠቃሚው ምልክትም 41 በመቶ ያድጋል። ብርሃን በርቀቱ ካሬ ልክ ስለሚደክም ርቀቱ የሚጨምረው 19 በመቶ ነው፤ 8 ሜትር የነበረው 9 ሜትር ተኩል ይሆናል ማለት ነው።

ታዲያ ለምን ወደ ሃያኛ አንወርድም? ከሩብ በታች የቱንም ያህል ብንወርድ፣ በእኩል ወጪ የምናገኘው ተጨማሪ ምልክት 12 በመቶ አይሞላም። ከረንቱ ግን በዚሁ ምሳሌ 1 አምፔር ይደርሳል፤ ሁለት ትንንሽ የባትሪ ድንጋዮች ይህን ሲጠየቁ ቮልቴጃቸው ይወድቃል። የኤን ኢ ሲም ሆነ የአርሲ-5 ሥርዓት ከሩብ እስከ ሲሶ ያለውን የሚመክሩት ያለ ምክንያት አይደለም።

በመጨረሻ ስለ መለካት። ኤል ኢ ዲው መብራቱን በብዙ የስልክ ካሜራዎች ማየት ይቻላል፤ ድርሻውን ግን ካሜራ አይነግረንም። ኦሲሎስኮፕ ያስፈልጋል፤ መንካት ያለበትም ከኤል ኢ ዲው ጋር በተከታታይ የገባውን ሬዚስተር ነው። ትራንዚስተሩ ለመዝጋት ሲዘገይ ብርሃኑ ከታዘዘው በላይ ሊቆይ ይችላል፤ በማይክሮኮንትሮለሩ እግር ላይ የሚታየው ትእዛዙ ብቻ ነውና።