ታላላቅ አዘጋጆችና የተሰወሩ ፊልሞቻቸው

በተማሪዎች ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር



ዛሬ ልንናገር የተነሣነው ስለ ፊልም ነው። ይኸውም በየሲኒማ ቤቱ በር ስለሚለጠፈው ሳይሆን፣ ስማቸው የገነነ አዘጋጆች ሠርተውት ሳለ ተፈልጎ ስለማይገኘው ፊልም ነው። ዓመቶቹን ሁሉ የምንጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

አልፍሬድ ሂችኮክን የማያውቅ የፊልም ወዳጅ ብዙ አይገኝም። ይህ ሰው ከ50 በላይ ፊልሞች አዘጋጅቷል። ነገር ግን በ1926 የወጣው «የተራራው ንሥር» የተባለው ሁለተኛ ፊልሙ እስከ ዛሬ አንድም ቅጂ አልተገኘለትም። የቀሩት ጥቂት ፎቶግራፎች ናቸው።

ይህን ስናነሣ አንዳንድ ጓደኞቻችን፦ «ታዲያ ምን ይጎዳል? ሂችኮክ ራሱ ያን ፊልም አያደንቀውም ነበር። ጊዜ ሰፌድ ነው፤ ፍሬውን ከገለባው ይለያል» ይሉናል። አነጋገሩ ያማረ ነው። እኛ ግን የምንጠይቀው ሰፌዱን የያዘው እጅ የማን እንደ ሆነ ነው። መልሱን ለማግኘት ሦስት ምሳሌዎች እናቅርብ።

የመጀመሪያው እጅ የእሳት ነው። የዴንማርኩ ተወላጅ ካርል ቴዎዶር ድራየር በ1928 ስለ ዣን ዳርክ ሕማማት የሚናገር ፊልም በፈረንሳይ አገር ሠራ። በዚያው ዓመት ዋናው ኔጋቲቭ በርሊን ላይ በተነሣ ቃጠሎ ጠፋ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ተመልካች ያየው እንደ ገና የተቀጣጠለውንና የተቆራረጠውን ነበር። ድራየር በ1968 ሞተ። በ1981 ግን የመጀመሪያው ሥራ ቅጂ በኖርዌይ፣ በኦስሎ አቅራቢያ በሚገኝ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ዕቃ ማስቀመጫ ውስጥ ተገኘ። ዛሬ ይህ ፊልም ከዓለም ታላላቅ ፊልሞች አንዱ ተብሎ ይቆጠራል። ያዳነው የጊዜ ፍርድ አይደለም፤ ሳይጣል የቀረ ቆርቆሮ ነው።

ሁለተኛው እጅ የሥልጣን ነው። የሴኔጋሉ ሴምቤን ኡስማን በማርሴይ ወደብ ጭነት ተሸካሚ የነበረ፣ በኋላም የታወቀ ደራሲ የሆነ ሰው ነው። ማንበብ የማይችለው ወገኑ መጽሐፉን እንደማያነብለት ባየ ጊዜ ወደ ፊልም ዞረ። በ1977 «ሴዶ» የተባለውን ፊልም አወጣ። ፊልሙ በግድ ሃይማኖት ለውጡ የተባሉትን፣ በባሪያ ንግድም የተጠቁትን ሰዎች እንቢታ የሚያሳይ ነው። የፕሬዚዳንት ሴንጎር መንግሥት ፊልሙ በአገር ውስጥ እንዳይታይ ከለከለ። የተሰጠውም ምክንያት የሚያስገርም ነው፤ በርእሱ ላይ «ዲ» የተባለው ፊደል አንድ መሆን ሲገባው ሁለት ሆኖ ተጽፏል ተባለ። ሴንጎር ራሳቸው ባለቅኔ ነበሩ። እንግዲህ አንድ ፊደል የአንድን ሕዝብ ታሪክ ከሕዝቡ ዓይን ለመሰወር በቃ።

ሦስተኛው እጅ የገንዘብ ነው። ቻርለስ በርኔት በሎስ አንጀለስ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ፣ በበግ ማረጃ ቤት ስለሚሠራ አንድ ጥቁር አሜሪካዊ አባወራ ፊልም ሠራ። ያወጣው ገንዘብ ከ10,000 ዶላር ያነሰ ነበር። በ1977 ተጠናቀቀ። ነገር ግን በፊልሙ ውስጥ ለሚሰሙት ዘፈኖች የባለቤትነት መብት መክፈል ስላልቻለ በሲኒማ ቤቶች ሊታይ አልቻለም። በ1990 የአሜሪካ ኮንግሬስ ቤተ መጻሕፍት እንደ አገር ቅርስ መዘገበው፤ በሲኒማ ቤቶች የወጣው ግን በ2007 ነው። ቅርስ ተብሎ 17 ዓመት ተቆለፈበት ማለት ነው።

ይኸው በርኔት የእኛው አገር ሰው ኃይሌ ገሪማ በዚያው ዩኒቨርሲቲ ሲማር ካሜራ ይዞለት ነበር። ኃይሌ በ1974 ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን በጥቁርና ነጭ፣ ተዋናይነት ሙያቸው ካልሆነ ሰዎች ጋር ቀረጸ፤ ፊልሙም በ1976 ወጣ። የሚናገረው በባለ መሬት ሥር ስለሚማቅቅ የገበሬ ቤተሰብ ነው። በ1965 የዚህ አገር ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው አደባባይ የወጡለት ጥያቄ ሥጋ ለብሶ የሚታየው በዚያ ፊልም ነው። ፊልሙ ታድሶ የዳነው ግን በኢጣሊያ አገር፣ በቦሎኛ የፊልም መዝገብ ቤት ነው። ላዳኑት ምስጋና ይገባቸዋል። ነገር ግን ከመካከላችን ስሙን የሰማ እንጂ ፊልሙን ያየ ስንት ነው?

ዛሬ ሁሉ ነገር በእጅ ስልክ ይገኛል የሚል አለ። ስልክ የሚያሳየን ግን አንድ ሰው ያስቀመጠውንና ባለ መብቱ የፈቀደውን ብቻ ነው። ያላዩት አገር አይናፍቅም እንደሚባለው፣ መኖሩን ያላወቅነውን ፊልም አንፈልግም፤ ካልፈለግነውም የሚያወጣው አይኖርም።

ስለዚህ ሦስት ነገር እናሳስባለን። መምህራኖቻችን ስለ መሬት ሥሪት ሲያስተምሩን ከመጻሕፍቱ ጋር ይህንም ፊልም ያሳዩን። በቤቱ ያረጀ የፊልም ጥቅል ያለው ሰው ምን እንዳለበት ሳያጣራ አይጣለው። እኛም ተማሪዎች አከፋፋይ እስኪመጣ አንጠብቅ። ኃይሌ «ሳንኮፋ»ን በ1993 ባወጣ ጊዜ የአሜሪካ አከፋፋዮች አልፈልግም ቢሉት፣ ሲኒማ ቤት እየተከራየ ራሱ ለተመልካች አሳይቷል። አንድ አዳራሽ፣ አንድ ነጭ አንሶላና ከፊልሙ በኋላ የአንድ ሰዓት ክርክር ከአቅማችን በላይ አይደለም።

ሰፌዱን እኛም እንያዘው።