ከማዳባ እስከ አቃባ በሳይክል

(ባለፈው ዓርብ በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ አንዲት አባላችን ያደረገችው ንግግር ነው። ሥራ ላይ ሆናችሁ ላልመጣችሁት በጽሑፍ አውጥተነዋል።)

እኔ ንግግር አላውቅም። ገንዘብ ያዣችን «ያየሽውን ብቻ ንገሪን» ስላለችኝ ነው የቆምኩት።

መቼም ሳይክል ስል የምትስቁ አላችሁ። የባሕር ዳር ልጅ ነኝ። እዚያ መሬቱ ሜዳ ነው፤ ትምህርት ቤትም ገበያም በሳይክል ነው የሚኬደው። እኔም የወንድሜን እየሰረቅሁ ነው የተማርኩት። አማን ከመጣሁ በኋላ ግን 8 ዓመት ሙሉ ፔዳል አልረገጥኩም። አማን ዳገት ብቻ ናት፤ ደግሞስ ማን ጊዜ ሰጥቶን?

ነገሩ የመጣው በእህታችን ምክንያት ነው። ስሟን አልጠራም፣ ታውቋታላችሁ። ከ3ኛ ፎቅ በረንዳ ላይ ልብስ ስታሰጣ ወድቃ ዳሌዋና እግሯ ተሰበረ። ሁለት ጊዜ ቀዶ ጥገና ተደረገላት። ሒሳቡን መክፈል የነበረበት ሰው ስልኩን ዘጋ። እኛ በየወሩ የምናዋጣው ደግሞ ለዚህ የሚበቃ አልነበረም።

በሳምንት ሁለት ቀን ቤቷን የማጸዳላት አንዲት ፈረንጅ ሴትዮ ሳይክል ትነዳለች። እሷና ጓደኞቿ ተሰባስበው ለበጎ አድራጎት በረሃውን ያቋርጣሉ። አሠራሩ ቀላል ነው። ተጓዡ የሚያውቃቸውን ሰዎች «ይህን ያህል ኪሎ ሜትር እሄዳለሁ፣ ለያንዳንዱ ኪሎ ሜትር ስንት ትሰጡኛላችሁ?» እያለ ያስፈርማል። «ትርፍ ሳይክል አለኝ፣ ከመጣሽ የምትሰበስቢው ለእህትሽ ይሁን» አለችኝ።

አንዳንዶቻችሁ «ያን ሁሉ ከምትለፉ ለምን ዝም ብላችሁ አታዋጡም?» ብላችሁኛል። እውነት ነው፣ እኔም መጀመሪያ የሀብታም ጨዋታ መስሎኝ ነበር። ግን በፊት ለዚችው እህታችን በየበሩ ስለምን 1 ዲናር ሰጥተው በር የሚዘጉብኝ ሰዎች፣ «አቃባ ድረስ በሳይክል ልሄድ ነው» ስላቸው መጀመሪያ ይስቃሉ፣ ከዚያ ይፈርማሉ። የሰፈራችን ባለ ዱካን ለኪሎ ሜትር 5 ቂርሽ ብሎ ፈረመ። መንገዱ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ መሆኑን፣ ያም 20 ዲናር መሆኑን ያሰላው ከፈረመ በኋላ ነው።

ጥቅምት መጨረሻ ላይ ከማዳባ ተነሣን፣ 14 ሰው ሆነን። ከኋላችን ውኃ የጫነች መኪና አለች። የመጀመሪያው ቀን ዋዲ ሙጂብ ነው። ዓባይ በረሃን ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን በአውቶቡስ የተሻገራችሁ ካላችሁ ያው በሉት፤ ተጠማዝዞ ተጠማዝዞ ይወርዳል፣ ታች ግድቡ ላይ ይሻገራል፣ ከዚያ የወረዳችሁትን ሁሉ መልሳችሁ መውጣት ነው። ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን አንቄ ይዤ እጄ ደነዘዘ። ለካ ያዝ ለቀቅ ማድረግ ነበረብኝ። ዳገቱን ግማሹን ሳይክሉን እየገፋሁ በእግሬ ነው የወጣሁት። ማታ ከረክ ስንደርስ ወገቤ የኔ አልነበረም።

አሁን የምነግራችሁ ግን ሁለተኛውን ቀን ነው፤ እንዲያውም ለሱ ብዬ ነው የመጣሁት። ከከረክ ወደ ጠፊላ ስንሄድ ሌላ ትልቅ ሸለቆ አለ፣ ዋዲ አል ሐሳ። እኔ ከጠዋት ጀምሮ ውኃ አልጠጣሁም። ለምን? ሽንቴ ቢመጣ የት እሄዳለሁ ብዬ ነው። ወንዶቹ መንገድ ዳር ዞር ይላሉ፣ እኔ አፈርኩ። ዳገቱ መሀል ላይ ራሴን አዞረኝ፣ በዚያ ፀሐይ ብርድ ብርድ አለኝ፣ እጄ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ቀጥሎ የማስታውሰው መኪናዋ ጥላ ሥር ተኝቼ እግሬን በሻንጣ ላይ ሰቅለውት ነው። አብራን የነበረች ነርስ ጨውና ስኳር የገባበት ውኃ በትንሽ በትንሹ አጠጣችኝ። ስትጠይቀኝ እውነቱን ነገርኳት። አልሳቀችም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሴቶቹ አንሶላ ይዘው ይጋርዱኝ ነበር።

እህቶቼ፣ ይህን የምነግራችሁ ስለ ሳይክል ብዬ አይደለም። በነሐሴ ሙቀት ጣራ ላይ ምንጣፍ ስናጥብ ስንቶቻችን ነን እንደዚህ የምናደርገው? «ማዳም ሽንት ቤት አበዛሽ ትለኛለች» ብላችሁ ውኃ የምትተዉ አላችሁ፣ አውቃለሁ፣ እኔም አድርጌዋለሁ። ሽንታችሁ እንደ ሻይ ከጠቆረ ሰውነታችሁ ውኃ አጥቷል ማለት ነው። በጣም ሲያልባችሁ ደግሞ ባዶ ውኃ ብቻ አይበቃም፣ ጨው ያለው ነገር ቅመሱ።

ያን ቀን 25 ኪሎ ሜትር በመኪና ሄድኩ። ይህንን በኋላ ላስፈረምኳቸው ሁሉ ተናገርኩ፣ ያልሄድኩበትን ቀንሱ አልኳቸው። ሁሉም «ተዪው» አሉኝ፤ ባለ ዱካኑ ብቻ 1 ዲናር ከ25 ቂርሽ ቆጥሮ ቀነሰ። አልተቀየምኩትም፣ ሒሳብ ሒሳብ ነው።

ከዳና እስከ ፔትራ ያለው ቀን አጭር ነው። ፈረንጆቹ በፌስታል የታሸገ ጣፋጭ ይበላሉ፤ እኔ በማር የለወስኩት በሶ ይዤ ነበር። ሾበክ ላይ አንዷን አቀመስኳት፣ ፔትራ ስንደርስ አልቆብኛል። አራተኛው ቀን ራስ አል ነቀብ ላይ ነፋሱ ፊት ለፊት መጣ። እንዲህ ሲሆን አንዱ ፊት ይሆንና ሌላው ከጀርባው ተጠግቶ ይነዳል፣ ሲደክመው ይቀያየራሉ። ብቻዬን ብሆን ቆሜ እቀር ነበር። ማታ ዋዲ ረም ከበደዊን ድንኳን አደርን። ብርዱ እንዳገራችን ጥቅምት ነው፣ አጥንት ይገባል። ባለ ድንኳኑ ሽማግሌ «ሐበሺያ?» ብሎ ጠየቀኝና ሻይ መጀመሪያ ለኔ ቀዳ። ይህች ትንሽ ነገር ናት፤ ግን 8 ዓመት ስቀዳ ኖሬ ተቀድቶልኝ አያውቅም።

ከአቃባ በፊት ኬላ አለ፣ ወረቀት ይጠይቃሉ። የኔ ኢቃማ ስለታደሰ አለፍኩ። አብራኝ ልትመጣ ስትለማመድ የነበረችው ጓደኛዬ ግን ፓስፖርቷም ኢቃማዋም በማዳሟ ቁም ሣጥን ተቆልፎበት ቀርታለች። የሰው ፓስፖርት መያዝ በዚህ አገር ሕግም ክልክል ነው። ይህን ጉዳይ ኮሚቴው ይዞታል፣ እናንተም እንዲህ ያጋጠማችሁ ንገሩን።

አቃባ ስንደርስ ባሕሩ ውስጥ ከነጫማዬ ገባሁ። ከምጽዋ ጋር አንድ ባሕር ነው፣ እሱን እያሰብኩ ትንሽ አለቀስኩ።

የሰበሰብኩት 612 ዲናር ነው፤ ደረሰኙ ገንዘብ ያዣችን ዘንድ አለ፣ ማየት የሚፈልግ ይይ። ፈረንጆቹ ከራሳቸው ጨምረው፣ ሆስፒታሉም ተለምኖ ቀንሶ፣ ዕዳው ተዘግቷል። እህታችን አሁን በክራንች ትራመዳለች። የቀረው የአውሮፕላን ትኬቷ ነው፤ ዛሬ ከመውጣታችሁ በፊት መዝገቡ በሩ አጠገብ አለ።

ሴትዮዋ ሳይክሉን ለኛው ትታልናለች። መማር የሚፈልግ ዓርብ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ይምጣ። የኋላው ፍሬን ትንሽ ይይዛል፣ ቀድሜ ልንገራችሁ።