የጎደለው ወዴት ሄደ?



ይህ ቤተ ሙከራ በሩ በተከፈተበት ቀን እንድናገር ጋብዛችሁኛል። የጥሪ ወረቀቱ ርእሴን «የመጠነ ቁስ ጥበቃ ሕግ በኬሚካዊ አጸግብሮቶች» ይላል። ርእሱን የሰጠሁት እኔው ነኝ፤ እደርስበታለሁም። ከዚያ በፊት ግን እዚህ ጠረጴዛ ላይ ያሉትን ሁለት ሚዛኖች ተመልከቱልኝ። በእያንዳንዱ ላይ አንድ አንድ ጠርሙስ ተቀምጧል። በሁለቱም ውስጥ ለብ ያለ ውሃ፣ ስኳርና የዳቦ እርሾ አለ፤ መጠኑም እኩል ነው። የአንደኛው አፍ ክፍት ነው። የሁለተኛው አፍ ላይ ፊኛ ታስሯል። ሁለት ተማሪዎች የመነሻውን ንባብ ሰሌዳው ላይ ጽፈዋል። ንግግሬን እስክጨርስ ማንም አይንካቸው።

ኬሚስትሪ ባስተማርኩባቸው ዓመታት ሁሉ በመጀመሪያው ቀን የምጠይቀው ጥያቄ አንድ ነበር። ማንደጃ ላይ አንድ ኪሎ ከሰል ነዶ ሲያልቅ አንድ እፍኝ አመድ ይቀራል። ሌላው ወዴት ሄደ? «እሳት በላው» ይላል አንዱ። «አለቀ» ይላል ሌላው። «ጭስ ሆነ» የሚል ሁልጊዜ ይገኛል፤ እርሱን አቆመውና «ጭሱስ ስንት ኪሎ ይሆናል?» ስለው ክፍሉ በሙሉ ይስቃል። ልጆቹን አልፈርድባቸውም። አነጋገራችንም ያግዛቸዋል፤ ከንቱ ሆኖ የቀረን ነገር «ንፋስ ነው» እንላለን፤ ገንዘቡ ያለቀበትን ሰው «ጭስ ሆነበት» እንላለን። ንፋስና ጭስ በቋንቋችን የምንም ሌላ ስም ናቸው። የዛሬው ሕግ በቃል የሚጠናውና ልብ ውስጥ የማይገባው እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። ንፋስ ነገር እንደሆነ፣ እንደሚመዝን፣ በር ከፍቶ እንደሚገባና እንደሚወጣ ያላመነ ተማሪ ሕጉን ለፈተና ይጽፈዋል እንጂ አያውቀውም።

ይህንኑ የከሰል ጥያቄ ከእኛ በፊት የጠየቀ ሰው ነበር። የብራስልሱ ሐኪም ያን ባፕቲስታ ፋን ሄልሞንት 62 ፓውንድ የኦክ እንጨት ከሰል አንድዶ አንድ ፓውንድ አመድ ቀረው። 61 ፓውንድ ሄደ። ሰውየው ግን «አለቀ» አላለም። ዓይን የማያየው፣ እቃ አጥብቆ የማይይዘው ነገር ሆኖ ወጣ አለና ለዚያ ነገር ስም አወጣለት፤ «ጋዝ»። ዛሬ በሲሊንደር ገዝተን ወጥ የምንሠራበት ቃል ከዚያ ሰው የተወረሰ ነው። ጽሑፎቹ የታተሙት ከሞተ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1648 ነው። ከሚፈላ መጠጥ የሚወጣውም ያው ጋዝ እንደሆነ ጽፏል። ይህችን አስታውሱልኝ፤ እመለስባታለሁ።

ፋን ሄልሞንት ያመለጠው አንድ ነገር አለ። የወጣው 61 ፓውንድ መሰለው። ከሰሉ ሲነድ ከአየሩ ኦክስጅን ይወስዳል፤ 12 ግራም ካርቦን 32 ግራም ኦክስጅን ወስዶ 44 ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል። እነዚያ 61 ፓውንዶች ንጹሕ ካርቦን ቢሆኑ ኖሮ በጭስ ማውጫው የወጣው ከ220 ፓውንድ በላይ ነው። ሂሳቡ የወጪ መዝገብ ብቻ ነበረው፤ የገቢ መዝገብ አልነበረውም።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም፤ ጉዳዩ የቁጥር ብቻ አይደለም። በክረምት ሌሊት ከሰል አቀጣጥለው በሩንና መስኮቱን ዘግተው የሚተኙ ቤተሰቦች አሉ። ጭሱ ወጥቶለታል፣ ፍሙ ቀልቷል፣ ከእንግዲህ ምን ይመጣል ይባላል። ፍሙ ግን እየቀነሰ የሚሄደው ወደ ቤቱ አየር ውስጥ ነው። ኦክስጅኑ ሲያጥር 12 ግራም ካርቦን 16 ግራም ብቻ ያገኝና ሽታም ቀለምም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ይሆናል። የሚገድለው እርሱ ነው። ጎረቤታችን የነበረች አንዲት እናት በዚህ ዓይነት አልፋለች፤ እኔ ያኔ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ፤ ሕጉንም በቃሌ አውቀው ነበር። ከሰሉ የት እንደሄደ ግን ማናችንም አልጠየቅንም። ተማሪዎች ሆይ፣ ዛሬ ማታ ቤት ስትገቡ ይህችን አንዲቷን ብቻ ብትናገሩ ለእኔ ይበቃኛል።

ወደ ታሪኩ ልመለስ። እንግሊዝ ውስጥ ሮበርት ቦይል ብረታ ብረት በተዘጋ ብርጭቆ ውስጥ አግሎ ክብደቱ ጨምሮ አገኘውና የእሳት ቅንጣቶች በብርጭቆው ሰርገው ገቡ አለ። ችግሩ ከመመዘኑ በፊት ብርጭቆውን መክፈቱ ነው፤ ሲከፍተው አየር ገባ። ሩሲያዊው ሚካኤል ሎሞኖሶቭ እ.ኤ.አ. በ1756 ሙከራውን ደገመውና ሳይከፍት ሲመዝነው ክብደቱ አልተለወጠም። ፓሪስ ላይ ደግሞ አንቷን ላቯዚዬ ባዜቃን አሥራ ሁለት ቀን አግሎ፣ ላዩ ላይ የወጣውን ቀይ ዱቄት ለብቻው አሙቆ፣ ከአየሩ የጎደለውን ጋዝ መልሶ አወጣው። እነዚህ በየመማሪያ መጽሐፉ አሉና እተዋቸዋለሁ። እኔ ስለ ላቯዚዬ ልነግራችሁ የምፈልገው ብዙ ጊዜ የማይነገረውን ነው።

ሕጉን በግልጽ የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1789 ባሳተመው የኬሚስትሪ መጽሐፉ ነው። የት ቦታ ይመስላችኋል? ስለ ባዜቃ በጻፈበት ምዕራፍ አይደለም፤ ስለ መቃጠል በጻፈበትም አይደለም። ስለ ወይን ጠጅ መፍላት በጻፈበት ምዕራፍ ውስጥ ነው! የወይኑ ጭማቂ ጣፋጭ ነበር፤ ፈላ፣ ተንተከተከ፤ አሁን ያሰክራል። ምን ገብቶ ምን ወጣ? በሥራው ሁሉ መጀመሪያና መጨረሻ የቁሱ መጠን እኩል ነው ይልና፣ ስለዚህ ከመፍላቱ በፊት ያለውን በአንድ ወገን፣ ከፈላ በኋላ ያለውን በሌላ ወገን አድርገን እንደ ሂሳብ እኩልነት ልንጽፈው እንችላለን ይላል። ሰሌዳ ላይ የምታመጣጥኑት የኬሚስትሪ እኩልነት ሁሉ ሥሩ እዚያ ምዕራፍ ውስጥ አለ።

ሰውየው በሌላው ሥራው ለንጉሡ ግብር የሚሰበስበው ማኅበር ባለድርሻ ነበር፤ ኋላም እ.ኤ.አ. በ1794 በፈረንሳይ አብዮት አንገቱን ያስቀላው ይኸው ሥራው ነው። መዝገብ መያዝ ያውቃል። ለመፍላቱም መዝገብ ከፈተለት። በጥንቱ የፈረንሳይ ሚዛን፣ ግማሽ ኪሎ ገደማ በሚሆነው በሊቭር፣ 400 ውሃ፣ 100 ስኳር፣ 10 እርሾ፤ ድምር 510። ከፈላ በኋላ 57 ከምናምን አልኮል፣ 35 ከምናምን ጋዝ፣ ትንሽ ኮምጣጤ፣ ያልፈላ ስኳር፣ ውሃና የእርሾ ቅሪት። ድምር 510። እስከ መጨረሻዋ ቅንጣት ገጠመ።

እኔ ይህን ሰንጠረዥ ዛሬ በምናውቀው ደጋግሜ አስልቼዋለሁ። ከፈላው 96 ሊቭር ገደማ ስኳር ሊወጣ የሚገባው ጋዝ ወደ 49፣ አልኮሉም ወደ 52 ነው። ጋዙን በብዙ አሳንሶታል፤ አልኮሉን አብዝቶታል። ድምሩ ግን ልክ ነው። እንዴት ሆነ? ሕጉን ሚዛኑ ላይ አላገኘውም፤ ይዞት ገባ። የጎደለውን የሞላው ሕጉን አምኖ ነው። ይህን ስረዳ መጀመሪያ ቅር ብሎኝ ነበር። ኋላ ግን ይበልጥ አከበርኩት። የእያንዳንዱ መስመር ቁጥር ስህተት ሊሆን ይችላል፤ መስመሩ ግን መኖር አለበት። «ጋዝ» የሚል መስመር መዝገቡ ላይ ስላኖረ፣ ከእርሱ በኋላ የመጡት ቁጥሩን ማረም ቻሉ። መስመሩን የዘለለ ሰው ግን የሚያርመው የለም።

እንግዲህ ጠጅ ካልን የእኛን ጠጅ አልፌ መሄድ አልችልም። እናቴ ጠጅ ትጥል ነበር። ብርዙን በታጠነው ጋን ትገለብጠውና አፉን በጨርቅ ታስረዋለች፤ አጥብቃ ግን አትደፍነውም። ልጅ ሳለሁ ጆሮዬን ጋኑ ላይ እለጥፍ ነበር። እንደ ሩቅ ዝናብ ይሰማል። «ለምን አትዘጊውም?» ስላት «ይተንፍስ እንጂ፣ ይፈነዳል» ትለኝ ነበር። የሚተነፍሰው ያው የፋን ሄልሞንት ጋዝ እንደሆነ የተረዳሁት ብዙ ዘግይቼ ነው።

ባለፈው ክረምት እኔና እህቴ ጠጅ ጥለን እየመዘንን መዝገብ ያዝን። ሁለት ኪሎ ማር፣ ስድስት ኪሎ ውሃ፣ ክዳን ባለው የፕላስቲክ እቃ ሚዛን ላይ አስቀመጥን። በክዳኑ ቀጭን ቱቦ አስገብተን ጫፉን የኖራ ውሃ ውስጥ ነከርነው። በየጠዋቱ ቱቦውን እያወለቅን ሚዛኑን አነበብኩ። ጌሾው ሲገባ መዝነን አስገባነው፤ ሲወጣም መዝነን አወጣነው። መጀመሪያ ቁጥሩ ንቅንቅ አላለም። ከዚያ የኖራው ውሃ እንደ ወተት ነጣ፤ ሚዛኑም በየቀኑ ይቀንስ ጀመር። አንድ ጠዋት ብቻ ከወትሮው 90 ግራም አብልጦ ጎደለ። ቱቦውን መረመርኩ፣ ክዳኑን መረመርኩ፣ ሚዛኑን በታወቀ ክብደት ፈተንኩ። እህቴ ማታ ለቅምሻ በብርጭቆ ጨልፋ ኖሯል። ያቺን 90 ግራም መዝገቡ ላይ በስሟ ጻፍኳት።

በሦስት ሳምንት ውስጥ የጎደለው፣ የእህቴን ሳይጨምር፣ 600 ግራም ገደማ ነበር። ማር አራት አምስተኛው ስኳር ነው፤ ሁለት ኪሎው ወደ 1,600 ግራም ስኳር አለው። 180 ግራም ስኳር 92 ግራም አልኮልና 88 ግራም ጋዝ ይሰጣል፤ ግማሽ በግማሽ ማለት ይቻላል። ሁሉም ቢፈላ ወደ 780 ግራም ጋዝ ይወጣ ነበር። ጠጁ ገና ጣፋጭ ስለሆነ እዚያ አልደረሰም። 600 ግራም ጋዝ በእኛ በአዲስ አበባ ከፍታ ስንት ቦታ እንደሚይዝ ታውቃላችሁ? ከ400 ሊትር በላይ፤ ሁለት የነዳጅ በርሜል ሞልቶ ይተርፋል። ከዚያች ትንሽ እቃ! እናቴ ጋኑን አትዝጉ ያለችው እውነቷን ነበር። ጋዙ ከአየር ይከብዳልና ብዙ ጠጅ በሚጣልበት ጠባብ ጓዳ ወለሉ ላይ ይተኛል፤ ሻማ ዝቅ ብታደርጉበት ይጠፋል።

ሰዓቱን እያየሁ ነው፤ የተጻፈው ርእስ ገና አልተነካም። በአጭሩ ልሂድ። በኬሚካዊ አጸግብሮት አቶሞች ይለያያሉ፣ ይጣመራሉ፤ አይፈጠሩም፣ አይጠፉም። በግራ የነበሩት ሁሉ በቀኝ ይቆጠራሉ፤ እኩልነት የምናመጣጥነው ስለዚህ ነው። ሕጉ ምን ያህል ተፈትኗል? ጀርመናዊው ሐንስ ላንዶልት በበርሊን ከአሥር ዓመት በላይ ሁለት ፈሳሾችን በአንድ የተደፈነ ብርጭቆ ሁለት እግሮች ውስጥ እየለየ፣ እየመዘነ፣ ከዚያ እያቀላቀለ እንደገና መዘነ። መጀመሪያ ጥቂት ጉድለት አየ። ኋላ ግን ብርጭቆው ሲሞቅ እንደሚሰፋና ላዩ ላይ የያዘውን እርጥበት እንደሚለቅ ደረሰበት። እ.ኤ.አ. በ1908 የቀረው ልዩነት ከሚዛኑ ስህተት አይበልጥም ሲል ደመደመ።

«አንስታይንስ?» የምትሉ አላችሁ፤ ከኋላ እጅ አይቻለሁ። ትክክል ናችሁ። 12 ግራም ካርቦን ሲነድ 394 ኪሎ ጁል ሙቀት ይወጣል፤ ሙቀቱም መጠነ ቁስ ይዞ ይሄዳል። ስንት? ከአንድ ግራም ሁለት መቶ ሚሊዮንኛ እንኳን ያነሰ። ላንዶልት ሊያየው አይችልም ነበር። ሕጉ በኬሚስትሪ ቤት የሚጸናው በዚህ ልክ ነው፤ በኒውክሌር አጸግብሮት ግን ልዩነቱ ጎልቶ ይታያል፤ እርሱ የሌላ ቀን ወሬ ነው።

አሁን ወደ ጠርሙሶቻችን። ትናንት ማታ ስሞክረው ክፍቱ ጠርሙስ ሦስት ግራም ገደማ ቀነሰ። ይህ አያስገርማችሁም። ፊኛ የታሰረበት ግን ምንም አልወጣበትም፤ ሆኖም ሁለት ግራም ገደማ ቀነሰ። ሕጉ ፈረሰ? ፊኛውን ተመልከቱት፤ ተነፍቷል። ሁለት ሊትር ያህል ሆኗል። ያን ቦታ ለመያዝ ሁለት ሊትር አየር ገፍቶ አስወጥቷል። ውሃ ውስጥ የገባን ሰው ውሃው ወደ ላይ እንደሚገፋው፣ ፊኛውንም የዚህ አዳራሽ አየር በቦታው በነበረው አየር ክብደት ልክ ወደ ላይ እየደገፈው ነው። ሁለት ሊትር አየር በእኛ ከፍታ ስንት ግራም ነው? ከሁለት ግራም ትንሽ ዝቅ ይላል። ጠርሙሱ አልቀለለም፤ የደገፈው አየር ነው።

ልጆቼ፣ ቅረቡና ሁለቱንም ሚዛኖች ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡልን። መጀመሪያ ክፍቱን።