ከበሩ ውጭ ያለው ሰፈር
(በማኅበራችን የመገናኛ በዓል ላይ በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሐሙስ ምሽት የቀረበ ንግግር)



አዘጋጅ ኮሚቴው «ስለ ቴኒሱ ቀን አስር ደቂቃ ተናገር» ሲለኝ ሳቅሁ። እኔ እኮ ራኬት እንኳ በየት በኩል እንደሚያዝ የማላውቅ ሰው ነኝ። ኋላ ግን ገባኝ። የተጠራሁት ስለ ኳሱ እንድናገር አይደለም፤ ከኳሱ በፊትና በኋላ የት እንበላለን፣ የት እንጠጣለን የሚለውን እንዳስረዳ ነው። የተመረጥኩትም ሙያ ስላለኝ አይደለም። ከሁለት ዓመት በፊት ዕቅዱን ያበላሸሁት እኔ ስለሆንኩ ነው። ያበላሸ ያስተካክል ተባለ።

መጀመሪያ ለእንግዶቻችን ቦታውን ላስረዳ። ነገ የምንሄድበት የቴኒስ ማዕከል በሮክ ክሪክ ፓርክ ውስጥ፣ 16ኛው ጎዳናና የኬኔዲ ጎዳና የሚገናኙበት ላይ ነው። ዋናው ስታዲየም 7,500 ያህል ሰው ይይዛል። በየበጋው እዚህ የሚካሄደው ውድድር የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1969 ነው። በዓመቱ በፊት ማርቲን ሉተር ኪንግ ተገድሎ፣ ከዚህ በስተደቡብ ያለው የ14ኛው ጎዳና ክፍል በእሳት ጋይቷል። ያኔ ታላቁ ጥቁር ተጫዋች አርተር አሽ ለውድድሩ መሥራቾች አንድ ነገር አጥብቆ ጠየቀ፦ እኔ እንድጫወት ከፈለጋችሁ፣ ጥቁርና ነጭ አብሮ በሚኖርበት ሰፈር፣ ጥቁሮችም መጥተው ሊያዩ በሚችሉበት ቦታ ይሁን አለ። ለዚህ ነው ውድድሩ በሀብታሞች ክበብ ውስጥ ሳይሆን በሕዝብ መናፈሻ ውስጥ የሆነው። አሽ በመጀመሪያው ዓመት በፍጻሜው ለብራዚላዊው ቶማስ ኮክ ተሸነፈ፤ በ1973 ግን ዋንጫውን ወሰደ።

ይህን የምነግራችሁ ለታሪክ ትምህርት ብዬ አይደለም። ሰውየው የጠየቀው ሜዳው ከሰፈሩ እንዳይለይ ነው። እኛ ግን ምን እናደርጋለን? ከቨርጂኒያና ከሜሪላንድ በመኪና እንመጣለን፣ እንገባለን፣ ውስጥ ውድ ድንች ጥብስ እንበላለን፣ ተመልሰን በመኪና እንሄዳለን። ሰፈሩን በመስኮት አይተነው እናልፋለን።

ሰፈሩ ደግሞ ለእኛ ባዳ አይደለም። ከስታዲየሙ በኬኔዲ ጎዳና ወደ ምሥራቅ ከሄዳችሁ መጀመሪያ 14ኛው ጎዳና፣ ቀጥሎ ጆርጂያ አቬኑ ይመጣል። እስከ ጆርጂያ በእግር ከሩብ ሰዓት እስከ ሃያ ደቂቃ ቢወስድ ነው። በዚህች ከተማ ከተከፈቱት የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች ሁሉ ቀዳሚ የሚባለው «ማማ ደስታ» በ1978 የተከፈተው በዚሁ በጆርጂያ አቬኑ ላይ ነበር። አዳምስ ሞርጋንም ሆነ ዩ ስትሪት በእኛ ምግብ ስማቸው የተጠራው ከዚያ በኋላ ነው።

አሁን ግቢያችንን አስታውሱ። ያሳደገን ግቢው ብቻ ነበር እንዴ? ከበሩ ውጭ በዱቤ ያበሉን እናቶች አልነበሩም? ደብተራቸው ላይ ስማችን ስንት ገጽ ይዞ ነበር! የካፌው ወጥ ሲያስመርረን የምንሮጠው ወደ እነሱ ነበር። ስለዚህ እኛ ከበር ውጭ ያለ ሰፈር ምን ማለት እንደሆነ ለማወቅ አስተማሪ አያስፈልገንም።

እንግዲህ ጥፋቴን ልናገር። ከሁለት ዓመት በፊት ሰላሳ አንድ ሰው ይዤ ነበር። ዕቅዱ የቀኑን ግጥሚያ አይተን ስንወጣ አራት ቦታ ማረፍ ነበር። ሦስቱ ክራፍት ቢራ የሚሸጥባቸው ቤቶች፣ አንዱ የእኛ ምግብ ቤት። ምግብ ቤቱን የያዝኩት ለምሽቱ 1 ሰዓት ነው። ግጥሚያው ግን አላልቅ አለ። ማን ተነስቶ ይውጣ? ከዚያም «መንገድ ላይ ነው» ብለን ወደ መጀመሪያው ቢራ ቤት ጎራ አልን፣ ከዚያ ወደ ሁለተኛው። ምግብ ቤቱ የደረስነው ከ3 ሰዓት በኋላ ነው፤ ያውም ግማሻችን ጠግበን። ባለቤቷ እትዬ የኋላውን አዳራሽ ሙሉውን ለእኛ ብለው ይዘው፣ በየዓርቡ የሚመጡ ደንበኞቻቸውን ቦታ የለም ብለው መልሰዋል። እንጀራው ተነባብሮ ተቀምጧል። አልተቆጡም። «ምን ይደረግ ልጆቼ፣ ቤታችሁ ነው» አሉ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ሁለተኛው ጥፋት ግን ከዚህ ይብሳል። አራት ዓመት ዶርም አብሮኝ የኖረ ጓደኛዬ ከእኛ ጋር ነበር። ሁለተኛው ቢራ ቤት ላይ «ስልክ ላናግር» ብሎ ወጣ፤ በዚያው ቀረ። ደክሞት ይሆናል ብዬ ተውኩት። በዓመቱ ለበዓላችን ሳይመጣ ሲቀር ደወልኩለት። መጠጥ ካቆመ ቆይቷል፤ ለማንም አልተናገረም፣ መናገርም የለበትም። «ከአራቱ ማረፊያ ሦስቱ ለእኔ አይሆንም ነበር። ዕቅዱ ውስጥ ቦታ አልነበረኝም» አለኝ። እኔ እኮ ዕቅዱን ስጽፍ ስለ እሱ አላሰብኩም፤ ክፉ ስለሆንኩ ሳይሆን፣ ሁሉም ሰው እንደ እኔ ነው ብዬ ነው።

ስለዚህ የነገው ዕቅድ በእነዚህ ሁለት ጥፋቶች ላይ የተሠራ ነው።

አንደኛ፣ ምግቡ ከጨዋታው ይቀድማል። እግር ኳስ 90 ደቂቃ አለው፤ ቴኒስ ሰዓት የለውም። ሁለት ሴት ያሸነፈ ነው የሚያሸንፈው፤ በአንድ ሰዓት ሊያልቅ ይችላል፣ ሦስት ሰዓትም ሊፈጅ ይችላል። የምግብ ቤት ምድጃ ግን ሰዓት አለው። ስለዚህ የያዝነው የማታውን ግጥሚያ ነው። በልተን እንገባለን። የምንገናኘው ከቀኑ በ10 ሰዓት ነው፤ በአሜሪካኑ 4 ሰዓት ማለት ነው። ይህን ሁለት ጊዜ የምናገረው ያለ ነገር አይደለም። አንድ ጊዜ «በ1 ሰዓት» ብዬ ልጆቻችን በቀትር፣ መምህሮቻችን በምሽት መጥተዋል።

ሁለተኛ፣ አንድ ቤት አናጨናንቅም። በሦስት ቡድን፣ በሦስት ቤት ተከፍለናል። ለእያንዳንዱ ቤት ቀብድ ተከፍሏል። ሰው ከቀነሰ ቀብዱ የቤቱ ነው፤ ኪሳራው የእኛ ይሁን። ነገ ዓርብ ስለሆነ በያይነቱ በሁሉም ቤት አለ፤ ሐላል የሚፈልጉም አባላት የትኛው ቤት እንደተያዘላቸው ወረቀቱ ላይ ተጽፏል። የምናርፍበት አንዱ ቤት የእትዬ ነው። ሄጄ ይቅርታ ጠይቄያለሁ። «በሰዓቱ ከመጣችሁ» ብለው ተቀብለውናል። እባካችሁ አታዋርዱኝ!

ሦስተኛ፣ ቢራው አንድ ማረፊያ ብቻ ነው፣ እሱም ከምግብ በኋላ። ክራፍት ቢራ ለሚወድ ሰው ይህች ከተማ ጥሩ ታሪክ አላት። የሂዩሪክ ቢራ ፋብሪካ በ1956 ከተዘጋ በኋላ፣ ዲሲ ብራው በ2011 ሥራ እስኪጀምር ድረስ፣ እዚሁ ከተማ ውስጥ ተጠምቆ ታሽጎ ለገበያ የሚወጣ ቢራ አልነበረም። እኛ ለትንሽ ጠማቂ እንግዳ አይደለንም፤ ጠላ በየቤቱ ሲጠመቅ ያደግን ነን። ብቅሉ ያው ብቅል ነው። ጌሾ ለጠላ የሚሰጠውን ምሬት እዚህ ሆፕ ይሰጣል። ግን ተጠንቀቁ። አገር ቤት የለመድነው ቢራ 5 በመቶ አካባቢ ነው፤ እዚህ አይፒኤ የሚሉት 7 በመቶ መሆኑ የተለመደ ነው። የአሜሪካ ትልቁ ብርጭቆ 473 ሚሊ ሊትር ይይዛል። 7 በመቶ የሆነ አንድ ብርጭቆ ማለት ከተለመደው 355 ሚሊ ሊትር ቢራ ሁለት ያህሉ ነው። ሁለት ብርጭቆ ጠጣሁ የሚል ሰው አራት ጠጥቷል። በትንንሽ ብርጭቆ መቅመስም ይቻላል፤ አያሳፍርም። ምሬቱ የበዛ ቢራ በርበሬውን ያባብሰዋል፤ ቀይ ወጥ ለበላ ሰው ቀለል ያለ ላገር ወይም የስንዴ ቢራ ይሻላል። የሚጠጣ ሰው መኪና አያስነሳም፤ የሚያደርሱ ሦስት አባላት ስማቸውን ሰጥተዋል፤ ምሳቸውን ማኅበሩ ይከፍላል።

አራተኛ፣ ሐምሌ ነው። ሙቀቱ ከባድ ነው፣ ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ ሊመጣ ይችላል፤ መብረቅ ካለ ጨዋታው ይቆማል። ዝናብ ከመጣ ማንም ወደ መኪናው አይሩጥ፤ ሁላችንም ወደበላንበት ቤት እንመለሳለን። መሄድ የሚከብዳቸው ታላላቆቻችን በመኪና ይደርሳሉ፤ ሌሎቻችን ግን በእግራችን እንሂድ። የምንሄደውም በጣም ቀስ በሚለው ሰው እርምጃ ነው።

አንድ ነገር ቀረኝ። የነገው የመጀመሪያ ማረፊያ ቢራም ምግብም አይደለም፤ ቡና ነው። ጆርጂያ አቬኑ ላይ ነው፤ ቦታውን የመረጠው ያ ጓደኛዬ ነው። ታሪኩን እንድናገር ፈቅዶልኛል፤ የት እንደተቀመጠ ግን አልናገርም። ሦስቱንም ስኒ፣ እስከ በረካው፣ አብረን እንጠጣለን። ግጥሚያው መጀመሩ አይቀርም።

በሰዓቱ እንገናኝ።